«አንድ ቼክ፣ አንድ ሌሊት» የሚለው የካምፒንግ ቼክ ሲቀየር ምን እናድርግ?

የቀረበው ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሽቱትጋርት ነው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር (9 እና 4 ዓመታቸው ነው) በአሮጌ ካራቫን እንጓዛለን። በኦክቶበር 2023 ሃያ የካምፒንግ ቼክ እያንዳንዱን በ18 ዩሮ ገዛን። ሲሸጡልን ‘አንድ ቼክ አንድ ሌሊት፣ ለሁለት ሰው፣ ከነመብራቱ’ ነበር ያሉን። ስድስቱን ተጠቅመን አሥራ አራቱ ቀሩ። አሁን ኩባንያው ‘የወረቀት ቼክ ሊቀር ነው፣ ወደ አፕ አዛውሩት፣ እያንዳንዱ 18 ዩሮ ሆኖ ይመዘገብላችኋል፣ በ12 ወር ካልተጠቀማችሁበት ይቃጠላል’ ብሎ ጻፈልን። ካምፒንጎቹ ግን ከ18 እስከ 26 ዩሮ ሆነዋል። አዲስ 400 ዩሮ ካስገባን 10 በመቶ ሊጨምርልን ነው። ተዘረፍን ማለት ነው? እናዛውረው? ወይስ ጨምረን እንግዛ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርና፣ ጨምራችሁ አትግዙ። እንዳትቸኩሉበት ብዬ ነው ይህን ያስቀደምኩት፤ ጉርሻው ቀን ተቆርጦለት እንደሚመጣ ስለማውቅ። የቀሩት ሁለት ጥያቄዎች ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋሉ።

እኔ በደቡብ ፈረንሳይ በአንድ ካምፒንግ (ለካራቫንና ለድንኳን ማረፊያ ቦታ የሚያከራይ ግቢ) ሪሴፕሽን ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ወደ ሒሳብ ክፍል ገብቼ የእነዚህን ቼኮች ክፍያ የማስታርቀው እኔው ነበርኩ። ስለዚህ ቼኩን ከእንግዳውም ከካምፒንጉም ወገን አይቼዋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ። በ2023 የገዛችሁት ሌሊት ነው ወይስ ገንዘብ? ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሌሊት ከገዛችሁ፣ ዋጋው ነገ ቢጨምር ጭማሪው የሻጩ ራስ ምታት ነው፤ አሥራ አራት ቼክ አሥራ አራት ሌሊት እንደሆነ ይቀራል። ገንዘብ ከሆነ ግን አሥራ አራቱ ቼክ 252 ዩሮ ነው፤ 24 ዩሮ በሚያስከፍል ካምፒንግ ከአሥር ሌሊት ተኩል አያልፍም። ኩባንያው የላከላችሁ ደብዳቤ ያደረገው ይህንኑ ነው፦ የሸጠላችሁን ሌሊት መልሶ ወደ ገንዘብ መነዘረው፤ ያውም በቀድሞው ዋጋ። ሦስት ሌሊት ተኩል የጠፋው እዚያ ላይ ነው። ዝርፊያ አልለውም። ነገር ግን የውል ለውጥ ነው፤ የውል ለውጥ ደግሞ በአንድ ወገን ኢሜይል ብቻ አይፈጸምም።

ለውጡ ከየት እንደመጣ ብታውቁ ለድርድሩም ይጠቅማችኋል። የቅድመ ክፍያ ቼክ የተፈጠረው ለአንድ ችግር ነው። ካምፒንግ በጁላይና በኦገስት ይጨናነቃል፤ በሜይና በሴፕቴምበር ግን የመዋኛ ገንዳው ተሞልቶ፣ ሠራተኛው ደመወዝ እየበላ፣ ቦታው ባዶውን ይውላል። ስለዚህ ልጆቻቸው ያደጉ ጡረተኛ ባልና ሚስትን በርካሽ መጥራት አዋጪ ሆነ። «ለሁለት ሰው» የሚለው ቃል የመጣውም ከዚያ ነው። አንድ ወጥ ዋጋ፣ ሁለት ሰው፣ ካራቫን ወይም ሞተርሆም (ራሱ የሚነዳ የመኪና ቤት)፣ መብራት፤ እንግዳው አይደራደርም፣ ሪሴፕሽኑም አያሰላም። እኔ ራሴ ቼኩን ተቀብዬ ቁጥሩን መዝግቤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አስተናግድ ነበር።

ነገር ግን ወጥ ዋጋ ከውስጥ ራሱን የሚበላ ነገር አለው። በአንድ ቼክ ባሕር ዳር ያለ ሁለት ገንዳ ያለው ባለ አምስት ኮከብ ካምፒንግም ይገባል፣ መንደር ዳር ያለ አንድ ሻወር ያለው የገበሬ ማሳም ይገባል። እንግዳው ቼኩን ይዞ የት ይሄዳል? ወደ ጥሩው ነው እንጂ። ጥሩው ካምፒንግ በቼክ እንግዳ ይሞላል፤ ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው ቦታ ያጣል፤ ባለቤቱ ሒሳብ ሲሠራ ከቼኩ ዋጋ ላይ አዘጋጁ ኩባንያ ድርሻውን ቆርጦ የቀረውን ብቻ እንደሚልክለት ያያል፤ ያም የሚመጣው ቼኩ ተሰብስቦ ከተላከ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት «በቼክ ለሚመጣ 5 ዩሮ ተጨማሪ» ይላል፤ በዓመቱ ደግሞ ከነጭራሹ ይወጣል። ደካማዎቹ ብቻ ሲቀሩ ቼኩን የሚገዛ ይጠፋል። ዋጋን በደረጃ መከፋፈል የመጣው ጥሩዎቹን ለማቆየት ነው፤ በዚህ ረገድ ለውጡ ምክንያት አለው።

ሁለት ነገሮች ይህን አፋጠኑት። አንዱ የ2022 የኤሌክትሪክ ዋጋ ነው፤ «ከነመብራቱ» ብሎ ቃል የገባ ካምፒንግ በዚያ ዓመት ትከሻው ጎበጠ። ሁለተኛው በኮሮና ጊዜ የመጣው የሞተርሆም ግዢ ነው። ጀርመን ውስጥ በ2020 ብቻ ከ78,000 በላይ አዲስ ሞተርሆሞች ተመዝግበዋል። እነዚህ ሰዎች በሜይም በሴፕቴምበርም ይንቀሳቀሳሉ። ባዶ የነበረው ወቅት ሲሞላ፣ ባዶውን ለመሙላት ተብሎ የተፈጠረው ቅናሽ ምክንያቱን ያጣል። ይህ ለውጥ ተመልሶ ይስተካከላል ብላችሁ አትጠብቁ።

አሁን ወደ መብታችሁ። የኩባንያው ምክንያት ትክክል መሆኑና ወጪውን እናንተ ላይ መጫኑ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ኩባንያው በጀርመንኛ እያስተዋወቀ ለጀርመን ነዋሪ የሚሸጥ ከሆነ፣ ቢሮው ፈረንሳይም ሆነ ኔዘርላንድ ይሁን፣ የጀርመን የሸማች ሕግ የሚሰጣችሁን ጥበቃ በውል ቃል ሊነጥቃችሁ አይችልም፤ «ሮም አንድ» የሚባለው የአውሮፓ ደንብ አንቀጽ 6 የሚለው ይህንን ነው። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 308 ቁጥር 4 ደግሞ ሻጭ ቃል የገባውን አገልግሎት በፈለገ ጊዜ እንዲቀይር የሚፈቅድ፣ አስቀድሞ የታተመ የውል ቃል ለሌላው ወገን ተቀባይነት ሊኖረው የሚችል ካልሆነ ዋጋ የለውም ይላል። ከውሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ሁኔታዎችን የመለወጥ መብታችን የተጠበቀ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ብታገኙ አትደንግጡ። ያ ብቻውን ሌሊቱን ወደ ገንዘብ አይለውጥም።

«በ12 ወር ይቃጠላል» የሚለውስ? የጀርመን ተራ ይርጋ (መብት የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ) ሦስት ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ከተገዛበት ቀን ሳይሆን ከተገዛበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ነው። እናንተ በኦክቶበር 2023 ስለገዛችሁ ሦስቱ ዓመት የሚያልቀው ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ነው። የሙኒክ ከፍተኛ የክልል ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2008 አንድ ትልቅ የኢንተርኔት መደብር በስጦታ ቫውቸር ላይ የጻፈውን የአንድ ዓመት ገደብ ውድቅ አድርጎታል፤ ሸማቹን ያለ አግባብ ይጎዳል ብሎ። ሆኖም አንድ ነገር ተመልከቱ፦ በቼኩ ጀርባ ላይ ስትገዙ ጀምሮ የተጻፈ ቀን አለ? ካለ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ሻጩ «የካምፒንግ ዋጋ በየዓመቱ ስለሚጨምር ገደብ ያስፈልገኛል» ሊል ይችላል፣ ክርክሩም ባዶ አይደለም። ቢከብድም ግን አይሞትም። ቀን ያልተጻፈበት ከሆነ ግን በእጃችሁ ያለው ጠንካራ ነው።

እናዛውረው ወይ ላልሽው፦ አሁን አይደለም። አፑ ላይ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ስትጫኑ አዲሱን ውል ተቀበላችሁ ማለት ነው፤ እስካሁን በአንድ ወገን የነበረው ለውጥ በሁለት ወገን ይሆናል። ከዚያ በፊት ሁሉንም ቼኮች ፊትና ጀርባቸውን ፎቶ አንሡ፣ የ2023ቱን ደረሰኝና የሽያጭ ገጽ ፈልጉ፣ ከዚያ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ይዘቱ እንዲህ ይሁን፦ «በዚህ ቀን ሃያ ቼክ ገዝተናል፤ እያንዳንዱ ለሁለት ሰው አንድ ሌሊት ከነመብራቱ እንደሚሰጥ ተነግሮናል። አሥራ አራቱ አልተጠቀምንባቸውም። ለውጡን አልተቀበልንም። ወይ አሥራ አራቱን ሌሊት እንደ ውሉ ስጡን፣ ወይ 252 ዩሮ መልሱልን። እስከ እዚህ ቀን መልስ እንጠብቃለን።» አሥራ አራት ቀን በቂ ነው። በኢሜይልም በአደራ ደብዳቤም ላኩት። የቼኮቹን ዋና ቅጂ ግን ለማንም አትላኩ።

ከልምዴ የምነግርሽ፣ ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያው ደብዳቤ የሚመጣው መልስ ሌላ ጉርሻ ነው፦ «ሁለት ቼክ እንጨምርላችኋለን» ዓይነት። አትናቁት፤ አስሉት። አሥራ አራቱን ሌሊት በምትፈልጉት አካባቢ በ18 ዩሮ የሚያስተናግዱ ካምፒንጎች ካሏቸው፣ በጽሑፍም እስከ 2026 መጨረሻ ጊዜ ከሰጧችሁ፣ ጥል የለም፤ «መብቴን ጠብቄ» ብላችሁ አዛውራችሁ ተጠቀሙበት። ስለዚህ ከደብዳቤው እኩል ካርታውን ክፈቱና ባለ 18 ዩሮዎቹን ቁጠሩ። አራት አምስት ጥሩ ቦታ ካገኛችሁ ኪሳራችሁ በተግባር ዜሮ ነው።

እምቢ ካሉ፣ ኩባንያው በሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር የተቋቋመ ከሆነ የአውሮፓ የሸማቾች ማዕከል አለ፤ የጀርመኑ ቢሮ ኬል ከተማ ነው፣ ለእናንተ ቅርብ ነው፣ አገልግሎቱም በነፃ ነው። በኩባንያው አገር ያለው እህት ቢሮ በቀጥታ ያነጋግርላችኋል። ኩባንያው ጀርመናዊ ከሆነ ደግሞ የባደን ቩርተምበርግ የሸማቾች ማዕከል ይሻላል። በአሮጌ ውሎች ላይ የተጠቀሰው የኅብረቱ የኢንተርኔት ቅሬታ መድረክ በጁላይ 20 ቀን 2025 ስለተዘጋ እሱን ፍለጋ ጊዜ አታባክኑ። እስከ 5,000 ዩሮ ለሚደርስ ድንበር ተሻጋሪ ክርክር ቀለል ያለ የአውሮፓ የፍርድ ሥርዓትም አለ፤ ለ252 ዩሮ እዚያ ድረስ ትደርሳላችሁ ብዬ ግን አላስብም።

አሁን ለምን «አትግዙ» እንዳልኩ ልንገርሽ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ዕቁብ ታውቂያለሽ። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ በልቶ እንዳይጠፋ። የቅድመ ክፍያ ቼክ ስትገዢ ኩባንያው የመጀመሪያውን ዕጣ ይበላል፤ ዋስ ግን የለውም። ሌሊቱን የሚሰጥሽ ካምፒንጉ ሲሆን፣ ገንዘቡ ያለው ኩባንያው ጋ ነው። ኩባንያው ቢከስር ካምፒንጉ ላልተከፈለው ቼክ በሩን አይከፍትም፤ እናንተም ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ኋላ ተሰልፋችሁ ትጠብቃላችሁ።

«አውሮፓ ውስጥ ለተጓዥ ዋስትና አለ አይደል?» ትዪኝ ይሆናል። አለ፤ ግን ለጥቅል ጉዞ ነው። በረራና ሆቴል፣ ወይም ጀልባና ካምፒንግ፣ ለአንድ ጉዞ ተጣምረው ሲሸጡ። ለብቻው የተሸጠ የማደሪያ ቼክ ጥቅል አይባልም። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚያም በጁን 3 ቀን 2024 የሙኒኩ የጉዞ ድርጅት ኤፍ.ቲ.አይ. ለኪሳራ ሲያመለክት ታይቷል። ጥቅል የገዙትን በ2021 የተቋቋመው የጀርመን የጉዞ ዋስትና ፈንድ ደረሰላቸው፤ ሆቴል ብቻ ወይም መኪና ብቻ የገዙት በዚያ ፈንድ አልተሸፈኑም፣ ስማቸውን በኪሳራ መዝገብ አስመዝግበው መጠበቅ ነበረባቸው። ቼክ የያዘ ሰው የሚቆመው ከእነዚህ ከኋለኞቹ ጋር ነው። የእናንተ ኩባንያ ሊከስር ነው እያልኩ አይደለም፤ ስለ ሁኔታው የማውቀው ነገር የለም። ነገር ግን አንድ ኩባንያ ገንዘብ ቀድመው ለሚያስገቡ ሰዎች ጉርሻ ማብዛት ሲጀምር፣ እኔ ብሆን የራሴን ገንዘብ ከአንድ የጉዞ ወቅት በላይ እጁ ላይ አላቆይም።

10 በመቶውንም አስሊው። 400 ዩሮ አስገብታችሁ 440 ይሆናል። በዓመቱ ባለ 20 ዩሮው ካምፒንግ 22 ቢሆን ጉርሻው እዚያው አለቀ። ደግሞም ያልተጠቀሙበት ሒሳብ ለኩባንያው ትርፍ ነው፤ ልጅ ሲታመም፣ ፈቃድ ሲከለከል፣ መኪና ሲበላሽ የሚቀሩት ሌሊቶች እነማን ኪስ እንደሚገቡ የሒሳብ መዝገቡ ላይ ዓመት ዓመት አይቻቸዋለሁ።

በምትኩ ምን ይደረግ? ቀድሞ የማይከፈልበት የቅናሽ ካርድ። በጣም የታወቀው በ1965 በኔዘርላንድ የተመሠረተው ኤ.ሲ.ኤስ.አይ. የተባለ ድርጅት የሚያወጣው ካምፒንግካርድ ነው፤ ካርዱ ራሱ ሥራ ላይ ያለው ከ2004 ጀምሮ ነው። የዓመቱን ካርድ ትገዛላችሁ፣ ካምፒንጉ ደርሳችሁ ታሳያላችሁ፣ የሌሊቱን ክፍያ ለራሱ ለካምፒንጉ ትከፍላላችሁ። ኩባንያው እጅ ላይ የሚቀር ገንዘብ የለም፤ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። እሱም ቢሆን ዋጋው ጨምሯል፣ ደረጃዎቹም በዝተዋል፤ ዱሮ ሁሉም ከ20 ዩሮ በታች ነበሩ፣ አሁን ከዚያ የሚያልፉ አሉ። በጀርመን የአውቶሞቢል ክለቡ የአ.ዴ.አ.ሴ. ካምፕካርድም አለ። ከሪሴፕሽን የምነግርሽ ምስጢር ቢጤ፦ አንድ ካምፒንግ ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ዓይነት ቅናሽ ውስጥ ይገባል፣ በየአንዳንዱም የተለያየ ዋጋ ይኖረዋል። ስለዚህ የወደዳችሁትን ካምፒንግ መጀመሪያ ምረጡ፣ ከዚያ በየትኛው እንደሚረክስ ፈልጉ። የካምፒንጉን የራሱን ድረ ገጽም አትርሱ፤ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ከቅናሹ ካርድ እኩል የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ስታወዳድሩ ግን የልጆቹን ደምሩ። የእኛ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ አክስት ወይም አያት አብረው ሲመጡ ደግሞ ይብሳል። ቅናሹ ለሁለት ሰው ነው። ካምፒንግካርድን የሚቀበሉ አንዳንድ ቦታዎች እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን በነፃ ያስገባሉ፣ ምልክቱ ከዝርዝሩ ላይ አለ፤ የ4 ዓመቱ እዚያ ይጠቀማል፣ የ9 ዓመቱ ግን ይከፍላል። የቱሪስት ግብርም ለብቻው ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያሉት አይከፍሉም። ለምሳሌ ቅናሹ 22 ዩሮ ሆኖ ለልጁ 5፣ ለግብር 1 ተኩል ቢጨመር 28.50 ሆነ፤ ካምፒንጉ በራሱ ገጽ ለአራት ሰው 29 የሚል ከሆነ ለዚያች ሳንቲም ብላችሁ ዓመት ሙሉ ገንዘብ አታሳስሩ።

ጊዜውም አለ። ልጅ ትምህርት ቤት ያለው ሰው በእነዚህ ቅናሾች ብዙም አይጠቀምም፣ ምክንያቱም ጁላይና ኦገስት ዝግ ናቸው። እናንተ ግን ባደን ቩርተምበርግ ስላላችሁ አንድ ዕድል አላችሁ፦ የጰንጠቆስጤ ሁለት ሳምንት የትምህርት ዕረፍት። ያንን ጊዜ የጣልያኑ የጋርዳ ሐይቅና የክሮኤሽያ ካምፒንጎች በደቡብ ጀርመን ሰው ስለሚሞሉ አንዳንዶቹ ቅናሹን በዚያ ሳምንት ያቆማሉ። ፈረንሳይ ግን ልጆቹ ገና ትምህርት ላይ ናቸው፤ ቡርጎኝ ወይም አርዴሽ ብትሄዱ ወንዝ ዳር ጥላ ያለው ቦታ በቅናሽ ዋጋ ታገኛላችሁ። ባለ 18 ዩሮዎቹን ስትቆጥሩ ከዚያ ጀምሩ።

ስለ መብራቱ አልጠየቅሽኝም፤ ግን «ከነመብራቱ» የሚለውም እየተቀየረ ስለሆነ ልጨምር። ድሮ መስመሩን መሰካት በቂ ነበር፤ አሁን ብዙዎቹ ይለካሉ። ካምፒንግካርዱ ለምሳሌ በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚሸፍነው፤ ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል። ባለ 6 አምፒር መስመር ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው 1,380 ዋት ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ ሶኬቱን ገና ስትሰኩት ይቆርጣል፤ የጎረቤታችሁንም አብሮ ሊያጠፋ ይችላል። አንድ ቤተሰብ ለልጆቹ ትኩስ እንጀራ ለመጋገር ብሎ የመንገዱን መብራት በሙሉ ሲያጠፋ፣ እኔ ቆጣሪውን ለመመለስ በዝናብ የሮጥኩበት ቀን አለ። እንጀራውን ቤት ጋግራችሁ ውሰዱ፣ ቡናውን በጋዝ አፍሉ። በአዲሱ አፕ ውስጥ መብራት የሚለው ቃል አጠገብ የአምፒር ወይም የኪሎዋት ቁጥር መኖሩንም አረጋግጡ፤ በ2023ቱ ውላችሁ ገደብ ካልነበረው ያንንም ደብዳቤው ላይ ጨምሩት።

በቼኩ ጀርባ የተጻፈውን ቃል በቃል ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ ቀኑንና ኩባንያው የተመዘገበበትን አገር ካየሁ በኋላ ደብዳቤውን በጀርመንኛ አብረን እንጽፈዋለን።